እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ ከጓዳ እስከ አደባባይ

ማኅበራችን የተመሠረተበትን 10ኛ ዓመት በምናከብርበት በዚህ ወቅት የአንዲት ታላቅ ኢትዮጵያዊት ታሪክ በመጽሔታችን እንዲወጣ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኦሎምፒክ ጎዳና ታጥፎ በፌርፋክስ ወደ ደቡብ የሚራመድ ሰው በግራና በቀኝ የአገሩን ፊደል በየበሩ ላይ ያነባል። የቡናው ቁላትና የበርበሬው ሽታ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን ሰፈር ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሲሰይመው ስሙን ያስገኙት ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ናቸው። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ሊጥ የሚያቦኩ፣ ወጥ የሚያቁላሉ፣ ሒሳብ የሚይዙና ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ እናቶችና እህቶች አሉ።

ነገር ግን ምግብና መጠጥ ሠርቶ መሸጥ በአገራችን ሁልጊዜ የተከበረ ሥራ አልነበረም። እንግዳ መቀበል ክብር ነበር፤ ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ግን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ጠላና ጠጅ ነጋዴ ሴቶችም ቤታቸው በሰው ቢሞላም በማኅበራዊ ኑሮ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። ይህንን አስተሳሰብ ለመለወጥ መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዷ ዘውድ ጭነው በዙፋን ላይ የተቀመጡት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ብዙዎቻችን እቴጌይቱን የምናውቃቸው በዓድዋ ጀግንነታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ግን በተለይ ሥራ ፈጣሪና አስተዳዳሪ በመሆናቸው ነው። ያቆሙት ነገር ምን ያህል እንደ ጸና፣ የፈረሰውም ለምን እንደ ፈረሰ ማወቅ 10 ዓመት ለሞላው ማኅበር የሚጠቅም ትምህርት ይመስለናል።

ትውልድና አስተዳደግ

ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ስማቸው ፀሐይቱ ማለት ነው። ኋላ ሲነግሡም ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል የማዕረግ ስም ተጨምሮላቸዋል።

ቤተሰቡ ታላቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ታላቅነቱ ብዙ አልቆየም። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንና ትግራይን ይገዙ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ ማለትም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሲመቱ የቤቱ ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ጣይቱም ያደጉት ሹመትና ሀብት በአንድ ቀን ሊሄዱ እንደሚችሉ በሚታወቅበት ቤት ውስጥ ነው።

ከእጃቸው የማይወጣው ሀብት ትምህርታቸው ነበር። በዚያ ዘመን ከሴቶች መካከል ማንበብና መጻፍ የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ሲሆኑ ጣይቱ አማርኛን ያነቡና ይጽፉ ነበር፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ደብዳቤን በሌላ ሰው ዓይን ሳይሆን በራሳቸው ዓይን ማንበባቸው በኋላ ዘመን ለአገርም ጠቅሟል።

ጋብቻቸው ከንጉሥ ምኒልክ ጋር

ጣይቱ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 30 ዓመት አልፏል። ከዚያ በፊት አግብተው የፈቱ፣ የትዳርን ደስታም መከራም ያዩ ሰው ነበሩ። ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገቡት ልምድና ዕውቀት ይዘው እንጂ እንደ ልጃገረድ ሙሽራ አልነበረም።

በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥት እመቤትነት ቀላል ሥራ አልነበረም። የእህል ጎተራው፣ የማሩ ግብር፣ የጠጅ ቤቱ፣ የእንጀራ ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ፣ የፈታዩና የሸማኔው ሥራ ሁሉ በእርሷ ሥር ነው። ግብር በሚበላበት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ይወጣል። እንጀራው ስንት፣ ጠጁ ስንት ጋን፣ በሬው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ካልታሰበ ንጉሡ በሠራዊቱ ፊት ያፍራል። የዛሬ ሰው ይህንን ሥራ በዘመኑ ቋንቋ የትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅነት ይለዋል። በዚያን ጊዜ ግን ስሙ ባልትና ነበር።

ይህንን ያህል ሥራ እቴጌይቱ እንዴት እንደ መሩት ከሚያሳዩን ነገሮች አንዱ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ያደረጉት ግብር ነው። የምኒልክ ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ድግሱን በዝርዝር ጽፈውታል። ከየአገሩ የመጣው ሰው ለቀናት ሲመገብ የወጡ ዓይነት ብዙ ነበር። በዘመናችን የምግብ ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ብለን ለዓለም የምናቀርበው ገበታ መልክ ከያዘባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ግብር እንደሆነ ያስረዳሉ። በፌርፋክስ በአንድ ትሪ ላይ ቀዩና አልጫው ወጥ፣ ሥጋውና አትክልቱ ጎን ለጎን ሲቀርብ የምናየው ልማድ ረጅም ታሪክ ያለው ነው።

የአዲስ አበባ መቆርቆር

በዚያ ዘመን የምኒልክ ከተማ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። እንጦጦ ለጥበቃ ቢመችም ብርዱ የሚያንገበግብ፣ ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም እያደር የራቀ ሥፍራ ነው። ከተራራው በታች ያለው ሜዳ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩትና የሚኖሩበት አገር ሲሆን በመካከሉ ፍል ውኃ ይገኛል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ለመታጠብና ለመታከም ወደዚያ ይወርዱ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ሰፈሩ። ቦታውን ወደዱት፤ ቤትም እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። አንዱ ቤት ሌላውን እየጠራ መኳንንቱ በየአቅጣጫው ቦታ ተመርተው ሰፈሩ፤ ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም ተከተለ። በመሬቱ ላይ ቀድሞ ይኖር ለነበረው ሕዝብ የከተማው መስፋፋት ከቀየው መነሣትን ያመጣ መሆኑንም ታሪክ ሲነገር መዝለል አይገባም።

እዚህ ላይ የሥራ ፈጣሪ ዓይን ምን እንደሆነ እናያለን። ፍል ውኃውን ያየ ሰው ብዙ ነበር፤ ታጥቦ ይመለሳል። ጣይቱ ግን ሰው የሚመላለስበት ቦታ ሰው የሚኖርበት ቦታ ሊሆን እንደሚችል አዩ፤ በአንድ ቤትም ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ማገዶ ጠፍቶ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ ችግሩን ስላቃለለ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ውል ማንበብና ስንቅ ማዘጋጀት

በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው የተለያየ መሆኑ ሲታወቅ ነገሩን አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል እቴጌይቱ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ጉዳዩን በማባበል ለማለፍ ሲሞክር እንዳልተሳካለት ይታወቃል። ውል ከመፈረም በፊት በሁለቱም ቋንቋ ምን እንደሚል መመርመር እንደሚገባ አገራችን በብዙ ደም ተምራለች። በዚህ አገር የሱቅ ኪራይ ውልና የባንክ ብድር ወረቀት የምንፈርም ሁሉ ይህንን ብናስታውስ መልካም ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው አብረው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ሆኖ አልበገር ሲል ምሽጉ የሚጠጣበት ምንጭ ከግንቡ ውጭ መሆኑ ታወቀ። ምንጩ እንዲያዝ ማድረጉ የእቴጌይቱ ምክር እንደነበረ ተጽፏል። በጠንካራ ምሽግ ላይ ሰው ከማስጨረስ ይልቅ ምሽጉ የሚኖርበትን ነገር መያዝ ይሻላል ማለታቸው ነበር። ምንጩ ተይዞ ብዙም ሳይቆይ ውኃ የጠማው ጦር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ቀን ሴቶቹን አስተባብረው ለተዋጊው ውኃ እንዲደርስ፣ ቁስለኛውም እንዲታከም አድርገዋል። ያ ሁሉ ሠራዊት ከሸዋ እስከ ትግራይ ሲጓዝ የበላው በሶና ድርቆሽ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የተሰናዳ ነው። ጎተራና ጓዳ ማስተዳደር ትንሽ ሥራ እንዳልሆነ በዓድዋ ታየ።

በዚሁ መቶ ዓመት በሌላው የአፍሪካ ክፍልም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። በዛሬዋ ናይጄሪያ የኖሩት ነጋዴዋ ኤፉንሮዬ ቲኑቡ እ.ኤ.አ. በ1864 ዳሆሜዎች አቤኦኩታን ሲወጉ ለከተማው ተከላካዮች መሣሪያና ስንቅ አቅርበዋል፤ ለዚህም ኢያሎዴ የተባለውን የሴቶች ከፍተኛ ማዕረግ አግኝተዋል። የገበያ ዕውቀት ያላት ሴት በጭንቅ ቀን የአገር ምሰሶ ልትሆን እንደምትችል ሁለቱም አሳይተዋል።

ሆቴሉ

ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ በእንግዳ ተጥለቀለቀች። የፈረንሣይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የኢጣልያ መልእክተኞች ተቀመጡ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ አዳኙና አገር ጎብኚው መጣ። አሁን የምንኖርባት አሜሪካም በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ልካ የንግድ ውል ተዋውላለች። ይህ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ የሚያርፈው በድንኳን፣ በመኳንንት ግቢ ወይም በአገሩ ሰዎች ዘንድ ነበር። መሸከሚያው የቤተ መንግሥቱ ጓዳ ነው።

እቴጌይቱ ይህንን ተመልክተው እንግዳው በገንዘቡ የሚያድርበትና የሚመገብበት ቤት እንዲኖር አደረጉ። ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር የተሠራው እቴጌ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ይኸው ነው። ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚያው ዓመት ሲሆን የአቢሲኒያ ባንክ ደግሞ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። ባንክ፣ ሚኒስቴርና ሆቴል በሁለት ዓመት ውስጥ መምጣታቸው ከተማዋ በምን ዓይነት የለውጥ ዘመን ላይ እንደነበረች ያስረዳል።

ሆኖም ሆቴሉ ሲከፈት የአገሩ ሰው አልገባበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ቤቱ እያለ፣ ዘመድ እያለው፣ የንጉሥ ግብርም እያለ ለምሳ ገንዘብ ከፍሎ መብላት እንግዳ ነገር ሆነበት። ሲተረክ እንደኖረው ዐፄ ምኒልክ ይህንን ሲሰሙ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። መኳንንቱም በየተራቸው እየሄዱ እንዲከፍሉ አደረጉ። እቴጌይቱ ራሳቸው የወጥ ቤቱን ሥራ ይቆጣጠሩ እንደነበረም ይነገራል። ንጉሥ ከፍሎ ከበላ ሌላው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም፤ እቴጌ ምግብ ሸጠው ካላፈሩም ሌላዋ ሴት የምታፍርበት ምክንያት አይኖርም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። አዲስ ሥራ ሲጀመር ቤቱን ማሠራት ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሕዝቡን ማለማመድ ነው። እቴጌይቱ ሰው አልመጣም ብለው በሩን አልዘጉትም፤ ሕዝቡንም አልወቀሱም፤ የሚከበረው ሰው ቀድሞ እንዲገባ አደረጉ። በፌርፋክስ የመጀመሪያዎቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱ ወገኖቻችንም በእጅ መብላትን ለማያውቅ የባዕድ አገር ሰው እንጀራ ቆርሰው፣ አጠቃቀለሉን አሳይተው ነው ያለማመዱት።

ያልጸናው ነገር

የሰው ታሪክ በሙገሳ ብቻ ሲጻፍ አያስተምርም። የእቴጌይቱ ድካምም መነገር አለበት።

ጣይቱና ምኒልክ ልጅ አልወለዱም። እቴጌይቱ በሸዋ መኳንንት መካከል ከሰሜን የመጡ እንግዳ ተደርገው ይታዩ ስለነበር ኃይላቸውን ያጠነከሩት በዘመድና በጋብቻ ነው። ወንድማቸው ራስ ወሌ የየጁ ገዥ ነበሩ፤ የወንድማቸውን ልጅ ጉግሣ ወሌን ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ። ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ደግሞ ሹም ሽረቱ በእቴጌይቱ እጅ ገባ። ሥራውን መሸከም ችለዋል፤ ነገር ግን ዘመዶቻቸው በተሾሙ ቁጥር የሌላው ቅሬታ ይበዛ ነበር።

አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ፣ እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሆነው ሳለ እቴጌይቱ ሥልጣኑን አለመልቀቃቸው መኳንንቱን አስተባበረባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያወጡና ሕመምተኛውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ሴት በመሆናቸው ብቻ የጠሏቸው ሰዎች እንደነበሩ አያጠራጥርም። ቢሆንም የሥልጣናቸው ምሰሶ የባላቸው ጤናና የዘመዶቻቸው ሹመት ነበርና አንዱ ሲታመም ሌላው ሲሻር ቤቱ አብሮ ተናደ። በልጅነታቸው በአጎታቸው ቤት የደረሰው ነገር በእርጅናቸው በራሳቸው ቤት ደረሰ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ። ቀድሞ ትተውት ወደ ወረዱት ተራራ ተመልሰው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በጸሎት ኖሩ። ከዚያ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ በአንድ ቤት የጀመሩት ሰፈር ሰፊ ከተማ ሆኖ ይታያቸው ነበር። በመጨረሻው ዘመናቸው የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደርሷል። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ከዐፄ ምኒልክ ጋር ይገኛል።

ለእኛ የሚቀርልን

እንግዲህ እናመዛዝን። እቴጌይቱ በዘመድ ያቆሙት ሥልጣን በሕይወታቸው ሳሉ ፈረሰ። ሌሎች ሰዎች ሊረከቡትና ሊሠሩበት የሚችሉት ሥራ ግን ቆየ። አዲስ አበባ ከእርሳቸው በኋላ በብዙ መንግሥታት ሥር አልፋ ዛሬም የአገሪቱ ዋና ከተማ ናት። ሆቴሉ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከ100 ዓመት በላይ ኖሯል። በጥር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት ቃጠሎ ደርሶበት ብዙ ሰው አዝኖ ነበር፤ ሆኖም ተጠግኖ እንደገና ተከፍቷል። ዛሬ ጣይቱ ሆቴል ተብሎ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

ማኅበርም እንደዚሁ ነው። በአንድ ጠንካራ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ማኅበር ያ ሰው ሲታመም ይታመማል። በዘመድና በአገር ልጅነት የተሳሰረ አመራር የተከፋው ሰው በበዛ ጊዜ ይበተናል። መዝገቡ የተጻፈ፣ ሒሳቡ የተመረመረ፣ ቁልፉን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀለት ማኅበር ግን መሥራቾቹ ቢያልፉም ይቀጥላል። በ10ኛ ዓመታችን ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ወረቀት ይዘው የተሯሯጡት፣ ድስት ተሸክመው የመጡት፣ እቁብና እድር ያሰባሰቡት እናቶች ነገ ሲደክሙ ማን ይረከባቸዋል? በዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን በስብሰባችን ላይ ወንበር አላቸው ወይስ ሻይ ለማቅረብ ብቻ ይጠራሉ? የምግብ ቤት ባለቤት የሆነች እህታችንስ የወጡን አሠራር ለልጅዋ ስታስተምር የኪራይ ውሉንና የሒሳብ መዝገቡን አብራ ታሳያታለች ወይ?

አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። እቴጌ ጣይቱ ከጓዳ ያወጡትን ዕውቀት አደባባይ አውለው ከተማና ሆቴል ትተው አልፈዋል። እኛም ከእርሳቸው ብርታቱን ወስደን፣ ከጎደላቸውም ተምረን፣ ሸክሙን ለብዙ ሰው እናካፍል።

ለመላው የማኅበራችን አባላት መልካም የ10ኛ ዓመት በዓል ይሁንልን።